በራሴ ተዝካር ላይ ዘግይቼ የደረስሁበት ቅዳሜ

ሰው ከሞተ በኋላ ምን እንደሚባልለት ለማወቅ የሚጓጓ ካለ እኔን ይጠይቀኝ። ሰምቼዋለሁ። ከራሴ ዳስ ጀርባ፣ ከማገዶው ክምር አጠገብ ቆሜ፣ ለእኔ የተለቀሰውን ለቅሶ ከነግጥሙ አዳምጫለሁ። ጥቂቱ እውነት ነው፤ የቀረው ተጋንኗል።

የምኖረው አምበር ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አማርኛ አስተምር ነበር፤ ባለቤቴ ጌታሁን ደግሞ ሒሳብ። ልጅ አልወለድንም። ጌታሁን ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ቀልድ ሲጀምር መሐሉ ላይ ሳይደርስ ራሱ ይስቅና ቀልዱ እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል። በትዳራችን ዘመን ሁሉ የአንድም ቀልድ መጨረሻ ሳልሰማ ኖርሁ። አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሲያስር ደረቱን ይዞ ተቀመጠ፤ በዚያው ቀረ። ሐኪሞቹ የልቡ ደም ሥር ተዘግቶ ነው አሉ።

ከዚያ ወዲህ እኔ መቀዝቀዝ ጀመርሁ። በምሳሌ አይደለም፤ በእውነት ቀዘቀዝሁ። ሰው ጥላ ፍለጋ በሚሮጥበት ፀሐይ እኔ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቤ እቀመጣለሁ። ከወንበር ለመነሣት ስወስን ቆይቼ ነው የምነሣው። መጽሐፍ ገልጬ ገጹን ሳልጨርስ እንቅልፍ ይጥለኛል። ፊቴ አብጦ ዓይኖቼ ጠበቡ። ድምፄ ከመጎርነኑ የተነሣ ስልክ ሳነሣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ቲቸር ጥሩወርቅን ያገናኙን» ይሉኝ ጀመር።

«ሐዘን ነው» አለ አገሩ ሁሉ። እኔም ሐዘን ነው አልሁ። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና በውስጤ እኮራ ነበር። ባሏን የወደደች ሴት እንዲህ ነው የምትሆነው እል ነበር። ጥቁር ነጠላዬን ከአንገቴ ላይ ጠምጥሜ አንድም ቀን ሳልፈታው ከረምሁ።

በመጨረሻ መዳከሜን ሳየው ወደ ጌታሁን የምሄድበት ጊዜ ቀርቧል ብዬ ደመደምሁ። ከኋላዬ ተዝካሬን የሚያወጣ ልጅ የለኝም። ስለዚህ የቁም ተዝካር ላወጣ ቆረጥሁ፤ ሳልሞት፣ በእግሬ እየሄድሁ፣ ካህናቱን ጠርቼ፣ ሰው አብልቼ አጠጥቼ ጨርሼ ልቀመጥ። ነገሩን ለጌታሁን ታላቅ ወንድም ለአያ ሙሉ ነገርኋቸው። አያ ሙሉ ገበሬ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብለው ይኖራሉ። መጀመሪያ አዘኑ፤ ወዲያው ግን ድግሱን ተረከቡት። ከተረከቡት በኋላ ማዘናቸውን የረሱት መሰለኝ። ዳስ ማስጣል፣ በሬ መምረጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠላውን መቅመስ የእሳቸው ሥራ ሆነ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚሆነውን በግ ባለ ሱቋ ዘይነባ በቤቷ ልታሳርድ ተስማማች። የቁይና የይጁቤ ዘመድ ሁሉ ተጠራ። ቀኑ በጥቅምት፣ ቅዳሜ እንዲሆን ተቆረጠ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እታለም ስንዱ መጡ። እታለም ስንዱ በአካባቢያችን ለቅሶ የሚያወጡ፣ ግጥም የሚያወርዱ አንጋፋ አልቃሽ ናቸው። በቁም ተዝካር ላይ ይለቀሳል ያላቸው የለም፤ ራሳቸው ናቸው ያሰቡት።

«ለሙት ስገጥም የሚያርመኝ የለም» አሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው። «አንቺ ግን አለሽልኝ። እኔ ላውርድ፣ አንቺ አርሚኝ።»

ዘይነባ የታዘዘችውን ስኳር አምጥታ መዝጊያው ላይ ቆማ ነበር። «ሟቿ ሻይ ትጠጣለች ወይስ ከአሁኑ ትታዋለች?» አለች።

«ዝም በይ አንቺ!» አሉና እታለም ስንዱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ፦

«ጥቁር ሰሌዳው ፊት ስትቆሚ በኩራት፣
ጠመኔው በእጅሽ ላይ መሰለ የሌት መብራት።»

«ቆንጆ ነው» አልሁ። «ግን እታለም፣ ኋላ ላይ በማርከር ነበር የምንጽፍ።»

«ማርከር ለቅሶ ውስጥ አይገባም» ብለው አለፉ። ስለ ዓይኔ ገጠሙ፤ ስለ ጥርሴም ገጠሙ። ከዚያ፣ «አንገቷ ብርሌ፣ ጠጅ ሲወርድ የሚያሳይ…» ብለው ጀመሩና ቆሙ። «ነጠላሽን ፍቺው እስቲ።»

«ለምን?»

«ያላየሁትን አላሞግስም። ሰው ይታዘበኛል።»

ፈታሁት። እታለም ስንዱ አንገታቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ፤ ወደ ግራም አዘነበሉ። «ኧረ በእመቤቴ፣ ይኸ ብርሌ አይደለም» አሉ። «ይኸ እንስራ ነው።»

ዘይነባ ስኳሩን ጥላ መጣች። «እስቲ ዋጪ!» አለችኝ።

«ምን ልዋጥ?»

«ምራቅሽን!»

ዋጥሁ። ሁለቱም እኩል ጮኹ። «ወጣና ወረደ!»

«ምኑ?»

«እንስራው!»

ዘይነባ አላረፈችም። ታላቅ እህቷ እንቅርት ነበረባት፤ መፍዘዝዋን፣ ብርዷን፣ እንቅልፏን ሁሉ ታስታውሳለች። «ይኼ ሐዘን አይደለም፤ በሽታ ነው! ነገ ማርቆስ እንሄዳለን» አለች። አያ ሙሉ ጩኸቱን ሰምተው ከጓዳ ወጡ፤ ጢማቸው ላይ የጠላ አረፋ ነበር።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። «በተዝካር ላይ እንቅርት ግን አልሰማሁም! ጠላው ደርሷል፣ በሬው ቆሟል። ከቅዳሜ በኋላ ብትታከም ምን አለበት?»

«ከቅዳሜ በኋላ ብትሞትስ?» አለች ዘይነባ።

«ተዝካሩ ወጥቶላታል!»

እውነቱን ለመናገር እኔ የአያ ሙሉ ሐሳብ ነበር ልክ የመሰለኝ። ለመሄድ የተስማማሁት ለመከራከር ስለ ደከመኝ ብቻ ነው።

ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ገባን። የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ተማሪዬ ልትሆን ትችል ነበር፤ ረጋ ያለች ናት። አንገቴን ዳሰሰች፣ የልብ ምቴን ቈጠረች፣ የደም ግፊቴን ለካች፣ ልቤን በመሣሪያ አየች።

«ይኼ ሁሉ ከመቼ ጀምሮ ነው እናቴ?»

«ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ።»

አልጋው ላይ አንበረከከችኝና ተረከዜን በትንሽ የጎማ መዶሻ ነካ አደረገችው። እግሬ ተነቃነቀ፤ ከዚያ ለመመለስ ማሰብ ጀመረ። ሦስታችንም ዞረን እግሬን ጠበቅነው። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ እንደ ጡረተኛ ተመለሰ።

«እግርሽም ሐዘን ላይ ነው?» አለች ዘይነባ።

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠችና ደም እንድሰጥ ላከችኝ፤ ውጤቱ በማግስቱ ጠዋት ይደርሳል ተባለ። ዘይነባም እዚያው ማርቆስ ባለው ልጇ ቤት አሳደረችኝ። ለአያ ሙሉ ልንደውልላቸው ሞከርን፤ በዚያ ሰሞን አምበር ኔትወርክ እየመጣ ይሄዳል፤ ያን ዕለት ሄዶ ነበር። ድግሱ ከቀትር በኋላ ስለሆነ እንደርሳለን ብለን ተውነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ አስቀመጠችን። አንገታችን ሥር ያለችው እጢ፣ ታይሮይድ የሚሏት፣ የምታመነጨው ሆርሞን ለሰውነት ሁሉ ፍጥነትና ሙቀት የሚሰጥ ነው አለች። የእኔ እጢ አብጣለች፤ ሥራዋን ግን ትታለች።

«የሚያሳስበኝ ግን ብርዱና እንቅልፉ ብቻ አይደለም» አለች። «ይህ ሆርሞን ጉበትን፣ ‹ከደም ውስጥ ስቡን ሰብስብ› ብሎ የሚያዝዝ ነው። ሆርሞኑ ሲጠፋ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቀስ በቀስ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ደም ሥሩም ልስላሴው ይቀንሳል፤ እንደ ልቡ አይለጠጥም፤ ግፊትም ይጨምራል። የእርስዎ ኮሌስትሮል በጣም ከፍ ብሏል። ዝም ካልነው የልብን ደም ሥር ሊዘጋው ይችላል።»

ዘይነባ ዘይት ትሸጣለች። «በጥቅምት ጄሪካኑ አፍ ላይ እንደሚረጋው ዘይት?»

«የሚያረጋው ብርድ አይደለም፤ ግን መዘጋቱን ካሰቡት፣ አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

የልብ ደም ሥር። ጌታሁን የሄደበት መንገድ። አንባቢዎቼ፣ በዚያች ደቂቃ የተሰማኝ ፍርሃት አይደለም። ደስ አለኝ። በአንድ በሽታ፣ በአንድ መንገድ ልንሄድ ነው አልሁ።

«መድኃኒት አለው» አለች ሐኪሟ። «ልብዎን እንዳያስደነግጠው በትንሹ እንጀምራለን፤ እያየን እንጨምራለን። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ ይዋጣል። ሆርሞኑ ሲስተካከል ኮሌስትሮሉም አብሮት ይወርዳል።»

«ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። እኔ ግን አልፈልግም።»

«ለምን እናቴ?»

ነገርኋት። ይህ ብርድ ባሌ የተወልኝ ነው፤ በክኒን አሙቄ ላባርረው አልሻም አልኋት። ስናገረው ትልቅ ነገር የተናገርሁ መስሎኝ ነበር። ሐኪሟም፣ «ሐዘኑ የእርስዎ ነው» አለች። «እሱን ማንም አይነካብዎትም፤ መድኃኒትም የለውም። ብርዱ ግን የእጢዋ ነው።»

ተቀየምሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ የፍቅሬ መለኪያ አድርጌ የያዝሁትን ነገር ግማሹን አንዲት እጢ ነጠቀችኝ። በሞቴ ላይ ተካፋይ መጣብኝ። ዘይነባን ትደግፈኝ እንደሆነ አየኋት። እሷ ግን እያለቀሰች ነበር፤ በቁጣ ነው የምታለቅስ።

«እኔስ?» አለች። «ጌታሁን ብቻ ነው የሚናፍቅሽ? አንቺ ከሄድሽ እኔ ከማን ጋር ልጣላ?»

ክኒኑን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። መያዝና መዋጥ ግን ለየቅል ናቸው። በሚኒባሱ መስኮት ያሸተውን የጤፍ ማሳ እያየሁ፣ ደርሼ ተዝካሬን ላውጣ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ይሁን እያልሁ ተመለስሁ።

አምበር ስንደርስ ጩኸት ሰማን።

እዚህ ላይ እኛ በሌለንበት የሆነውን ልንገራችሁ፤ ኋላ ሰብስቤ ያገኘሁት ነው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ከቁይ መጥተው፣ «ጥሩወርቅስ?» ብለው ጠየቁ። አያ ሙሉም፣ «ትናንት ሐኪም ቤት ሄዳ አልተመለሰችም» አሏቸው። ያሉት እውነት ነው። እንግዶቹ ግን ዳሱን አዩ፣ ካህናቱን አዩ፣ ጠላውን አዩ፤ ባለ ተዝካሯን አላዩም። አንዲቱ አክስቴ እንባዋ መጣ። እሷ ስታለቅስ ሌሎቹ አለቀሱ። እንግዲህ በእኛ አገር ሰው ለቅሶ ሲሰማ ቀድሞ ያለቅሳል፤ ማን እንደ ሞተ የሚጠይቀው ከተቀመጠ በኋላ ነው። የይጁቤ ዘመዶች በማርቆስ በኩል ሲመጡ ከሩቅ ዋይታ ሰሙና ራሳቸውን ይዘው እየጮኹ ገቡ። አያ ሙሉ በማርቆስ መንገድ እየጮኸ የሚመጣ ሰው ሲያዩ፣ እነዚህ ከሐኪም ቤት መርዶ ይዘው መጡ ብለው አመኑ። መሬት ወደቁ። የቁይ ሰዎችም አያ ሙሉን ወድቀው ሲያዩ፣ ልክ ነበርን አሉ። ሁሉም የሰማው ከሌላው ነው፤ የነገረ ግን ማንም የለም።

ዘይነባና እኔ በጓሮ በር ገባን። ማገዶው አጠገብ ስንደርስ የእታለም ስንዱ ድምፅ ከዳሱ ውስጥ ጎልቶ ወጣ፦

«ዳሱን አስተክላ፣ ጠላውን አስጠምቃ፣
ባለ ድግሷ ሄደች፣ እንግዳ አስጨንቃ።»

«አንቺን ነው» አለች ዘይነባ በሹክሹክታ።

«አውቄያለሁ።»

«ግቢና ንገሪያቸዋ!»

«ትንሽ ቆይ።» ምን ልበላችሁ፣ ሰው ነኝ። ማዳመጥ ፈለግሁ። እታለም ስንዱ ቀጠሉ። እንደ እሳቸው አባባል እኔ ተማሪ ገርፌ አላውቅም፤ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ወጤ ደግሞ ከአምበር እስከ ደጀን የታወቀ ነበር። ወጤ ላይ ሲደርሱ ዘይነባ አፏን በሻርፗ አፈነች። አንድ ያላየሁት ጎልማሳ፣ «ያሳደገችኝ እናቴ!» እያለ ይንከባለላል። እስከ ዛሬ ማን እንደ ሆነ አላወቅሁም።

ከዚያ አያ ሙሉ ተነሡ። ግጥም አያውቁም፤ ዝም ብለው ነው የተናገሩት።

«ወንድሜ ሳይነግረኝ ሄደ» አሉ። «ጫማውን እያሰረ ሄደ፤ ምን አደርግ ነበር? እሷ ግን ዓይኔ እያየ ነው የሄደች። ስትቀዘቅዝ እያየሁ፣ ድምፅዋ ሲዘጋ እየሰማሁ፣ እኔ በሬ ስመርጥ ነበርሁ። እኔ ጠላ ስቀምስ ነበርሁ! ጌታሁን፣ ምን ብዬ ልንገርህ?»

ሳቄ ጠፋ። ዘይነባም ሻርፗን ከአፏ አነሣች። ይህን ሁሉ ጊዜ የጌታሁን ሐዘን የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኝህ ሽማግሌ ወንድማቸው ሞቶባቸዋል፤ ከወንድማቸው የቀረቻቸው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ክኒኑን ቦርሳ ውስጥ ቆልፌ የወንድማቸውን መንገድ ልደግምባቸው ነው። ጌታሁን ቢያገኘኝ ደስ ይለው ይሆን ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ጠየቅሁ። ‹ወንድሜን ብቻውን ትተሽው መጣሽ?› ይለኝ ነበር።

ዳሱን ገልጬ ገባሁ። «አያ ሙሉ፣ አልሞትሁም» አልሁ።

በዚያ በጎርናና ድምፄ ባልናገር ይሻል ነበር። የይጁቤ ሴቶች በአንድ ጊዜ ተነሥተው በሌላው በኩል ወጡ፤ የዳሱ ግማሽ አብሯቸው ሄደ። «ያሳደገችኝ እናቴ» ያለው ሰው በማድጋው ላይ ዘለለ። እታለም ስንዱ ብቻ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ «ገና መሐሉ ላይ ነበርሁ» አሉ ቅር ብሏቸው። አያ ሙሉ መጥተው ፊቴን ዳሰሱ፣ እጄን ጨበጡ፤ ከዚያ ቁጣቸው መጣ።

«አልሞትሽም?»

«አልሞትሁም።»

«ታዲያ ለምን ታስለቅሺናለሽ!»

ንስሐ አባቴ መምሬ ታደለ ናቸው ሰውን ያረጋጉት። ጸሎቱ ደርሷል፣ በሬው ታርዷል፣ ይበላ አሉ፤ ተበላ። እኔ በራሴ ተዝካር ላይ ቁጭ ብዬ፣ አንድ በአንድ እየመጡ እጄን እየነኩ «እንኳን ደህና መጣሽ» የሚሉኝን ሰዎች ስቀበል ዋልሁ። አንዱ አጎቴ ግን አላመነም፤ እስከ ማታ በሩቁ ያየኝ ነበር።

ክኒኑን ለመምሬ አሳየኋቸው። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ እንደሚዋጥ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ምንም እንደማይበላ፣ ቡናም ቢሆን እንደማይጠጣበት ነገርኋቸው። ገልብጠው አዩት። «እንዲህ ያለ ጾመኛ መድኃኒት አይቼ አላውቅም» አሉ። በምቆርብበት ቀን ከቅዳሴ በኋላ እንድውጠው ኋላ ሐኪሟን ጠይቄ ፈቅዳልኛለች።

እሑድ ጠዋት አያ ሙሉ ገና ሳልነሣ ደጄ ላይ ነበሩ። ዱላቸውን ተደግፈው፣ «ዋጪ!» አሉኝ። ዋጥሁ። «አፍሽን ክፈቺ!» ከፈትሁ። ጥጃ እንደሚያክሙ ነው የተቆጣጠሩኝ። ለብዙ ሳምንታትም እንዲሁ እየመጡ አስዋጡኝ።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ አንዱን ጋቢ አወለቅሁ። ከዚያ ከወንበሬ ሳልማከር መነሣት ጀመርሁ። አንድ ቀን ስልክ ሳነሣ ደዋዩ «ቲቸር!» ብሎ ጠራኝ። በቀጠሮዬ ማርቆስ ስመለስ ሐኪሟ ተረከዜን መታችው፤ እግሬ ሄዶ ወዲያው ተመለሰ። ኮሌስትሮሌም ወርዷል። እንስራው ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ እታለም ስንዱ ግን መጥተው አይተው፣ «ገንቦ ደርሷል፤ ተስፋ አለው» ብለውኛል።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ ሐዘን ላይ ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሐዘን ብዙ ነገር ያደርጋል፤ ሁሉንም ግን እሱ አያደርገውም። ብርዱ፣ ድካሙ፣ የፊት እብጠቱ ሲበዛ ሰው «ሐዘን ነው» ቢላችሁ፣ እናንተም ብትኮሩበት፣ ነጠላችሁን ፈትታችሁ በመስታወት እየዋጣችሁ አንገታችሁን እዩ። አንገታችሁም ደህና ቢመስል ደማችሁን ተመርመሩ፤ እጢዋ ሳታብጥም ትሰንፋለች ብላኛለች ሐኪሟ። የደም ሥር ሲጋገር አይጮኽም፤ የጌታሁንም አልጮኸም። ከዳናችሁ ደግሞ የሞተባችሁን የረሳችሁ አይምሰላችሁ። እኔ ያን ፈርቼ ነበር።

አልረሳሁትም። ጠዋት ክኒኑን ውጬ ሰዓቱ እስኪሞላ ደጃፌ ላይ እቀመጣለሁ። ከመብላት የተከለከልሁባት ያች ሰዓት የጌታሁን ሆናለች። ስለ እሱ አስባለሁ፤ አንዳንድ ቀን አለቅሳለሁ፤ ይህንንም የጻፍሁት በዚያች ሰዓት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልሁ ነው። ማንም አይረብሸኝም፤ አያ ሙሉ እንኳ ያውቃሉ።

ከዚያ ሰዓቱ ይሞላል፤ ይርበኛል።